ጥፍር ካላሳቀ ጣይ ለምን ያስቃል?

ሰሞኑን አንድ የአገሬ ልጅ ስለ ሰሜን ሸዋ አነጋገር የጻፉት ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብሁት። ጸሐፊው መንዝ ተወልደው ያደጉ፣ ለሥራ አዲስ አበባ ገብተው የኖሩ ሰው ናቸው። ነገራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ አፋቸውን የፈቱባቸው ቃላት የአገር ሁሉ አማርኛ ይመስሏቸው ነበር፤ ከተማ ገብተው ሲናገሩ ግን የሥራ ባልደረቦቻቸው አንዱን አልሰሙትም፣ ሌላውን ሳቁበት። ከዚህ ተነሥተው አራት ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። አንደኛ፣ በዝርዝር ያቀረቧቸው ቃላት ከሰሜን ሸዋ ውጪ የማይታወቁ «ቀበልኛ» ናቸው። ሁለተኛ፣ የድምፅ አወጣጣችን ትክክለኛው አማርኛ ተበላሽቶ የተፈጠረ ነው። ሦስተኛ፣ አነጋገራችን ከጎረቤት ቋንቋ የተለቃቀመ ስለሆነ ንጹሕ አማርኛ አይባልም። አራተኛ፣ መምህራንና ወላጆች ልጆችን ከዚህ አነጋገር ቶሎ ማላቀቅ አለባቸው።

የተሰማቸውን መሸማቀቅ አልነቅፍም። በተናገረ ቁጥር «እንደገና በለው እስቲ» እየተባለ የተሳቀበት ሰው ቢከፋው ይገባዋል። የምጽፈው ስለ ድምዳሜዎቹ ነው፤ እኔም እዚሁ አገር አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ባልፍ ነገ ጽሑፉን ይዞ ወደ ክፍሌ የሚመጣ ወላጅ አላጣም። ጸሐፊው ቀበልኛ ብለው ከደረደሯቸው ቃላት የሚበዙት ቀበልኛ አይደሉም። እውነተኛው የአገራችን ዘዬ ደግሞ በገዛ አፋቸው እያለ ከእነጭራሹ ስም አላገኘም፤ «ብልሽት» ተብሎ በጅምላ ታልፏል።

ከዝርዝሩ ልጀምር። መጀመሪያ የተቀመጡት አውድማ፣ መንሽ፣ ላይዳ፣ ጎተራ፣ ገለባ፣ እብቅ፣ እንዲሁም የማረሻ ዕቃዎቹ ሞፈር፣ ድግርና ወገል ናቸው። ጸሐፊው ቢሮ ውስጥ «ላይዳ» ብለው አንድም ሰው እንዳልገባው ይነግሩናል። ማንን ነው የጠየቁት? ከፎቅ ቤት ወጥቶ ፎቅ ቢሮ የሚገባን ሰው። ያ ሰው ላይዳን የማያውቀው እህል ሲወቃ ቆሞ ስላላየ ነው። ጥያቄው ለጎጃም ወይም ለወሎ ገበሬ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩ በግማሽ በተቀነሰ ነበር።

ለማስታወስ ያህል፦ ነዶው አውድማ ላይ ተበትኖ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል። ከዚያ ባለ ጣቱ መንሽ ገለባውን እያነሣ ያራግፈዋል። ገለባው ተገፍቶ ፍሬና እብቅ ተቀላቅሎ ሲቀር ነፋስ ይጠበቃል፤ ነፋሱ ሲመጣ ጠፍጣፋው ላይዳ ፍሬውን ሽቅብ ይበትነዋል፤ እብቁ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል። ሁለት ሥራ ስላለ ሁለት ስም አለ። ከተሜው ለሁለቱም ስም የለውም፤ አያስፈልገውምና አልፈርድበትም። የእሱን አለማወቅ የሰሜን ሸዋ ድንበር አድርጎ ማስመር ግን ምን ዓይነት የቋንቋ ካርታ ነው?

የገበሬ ምስክርነት ካልበቃ መጽሐፍ ቅዱስ ይገለጥ። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቁጥር 12 ላይ መጥምቁ ዮሐንስ ከእሱ በኋላ ስለሚመጣው ሲናገር መንሹ በእጁ እንደ ሆነ፣ አውድማውን እንደሚያጠራ፣ ስንዴውን በጎተራ እንደሚከት፣ ገለባውን በማይጠፋ እሳት እንደሚያቃጥል ይነግረናል። «ከሰሜን ሸዋ ውጪ አይታወቁም» ከተባሉት ቃላት አራቱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተገኙ። ይህን ቁጥር ጎንደሬው ያነበዋል፣ ጎጃሜው ያነበዋል፣ ወሎዬው ያነበዋል። የጸሐፊው ባልደረቦችም በየቤታቸው ሳይኖራቸው አይቀርም።

ከበግ ጠጉር የሚሠሩት ባና እና ዝተት፣ ደግሞም ጓሳና ገሳ ላይ ስንደርስ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እነዚህ በእርግጥ ወደ መንዝ ይጎትታሉ። የሚጎትታቸው ግን ዕቃው ነው። የመንዝ በግ ለፈትል የሚሆን ጠጉር ያለው በግ ነው፤ አገሩም ብርድ ነው። ስለዚህ ጠጉሩ ይሸለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔ እጅ ይገባና ባና ሆኖ ይወጣል። ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ ጋቢና ቡልኮ እያለ ባና የሚያሠራ ማን ነው? ጓሳውም እንዲሁ ነው። መንዝ ላይ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ የሚበቅል ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ በክረምት ከላዩ የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል። ገሳ ደርቦ የማያውቅ ሰው ገሳን ባያውቅ ቋንቋችን ምን አጠፋ? እንዲህ ያለው ቃል ዕቃው ባለበት ሁሉ ይኖራል፣ ዕቃው ሲጠፋ ይጠፋል። ባና የለበሰ እንግዳ ከሆነ ከጎጃምም ይምጣ ከባሌ ሲመሽ ስሙን ጠይቆ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። ጸሐፊው «የሰሜን ሸዋ ቀበልኛ» ሲሉ አንድ ወጥ አነጋገር ያለ ያስመስሉታል። የትኛው ሰሜን ሸዋ? በስሙ እንኳ ሁለት ዞን አለ፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ፍቼ ተቀምጦ። የእኛውን ብቻ ብንይዝ የመንዝ ደጋ ገብስ ያበቅላል፣ የይፋት ቆላ ማሽላ ያበቅላል፤ መራቤቴ ከጀማ ሸለቆ ማዶ ነው፤ ምንጃር በጤፉ የታወቀ ሌላ አገር ነው። ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ልብሱንም፣ እህሉንም፣ ስለ እህሉ የሚወራውንም ይለውጠዋል። የገብስ አገር ልጅ ስለ ማሽላ እሸት የሚያውቀው ቃል ጥቂት ነው፤ የማሽላ አገር ልጅም ስለ ውርጭ እንዲሁ። ጸሐፊው የአንድ ደጋ ልጅነታቸውን ወስደው በዞን ሙሉ ላይ አለበሱት።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሥጋ ያለው ክርክር እዚህ ነው። ጸሐፊው ባልደረቦቻቸው የሳቁባቸውን ሦስት ነገር ይጠቅሳሉ። ፀሐይን ጣይ፣ ጾምን ጦም፣ ጸሎትን ጠሎት ማለታቸው አንድ። ጅብን ዥብ፣ ጆሮን ዦሮ ማለታቸው ሁለት። «ከየት» ለማለት «ኸየት»፣ «ከዚህ» ለማለት «ኸዚህ» ማለታቸው ሦስት። ሦስቱንም «ትክክለኛውን ድምፅ ማውጣት ያቃተው አፍ ያበላሸው» ብለው ደምድመዋል።

ከጠ እንጀምር። በግዕዝ «ጽፍር» ይባላል፤ በአማርኛ ጥፍር ሆነ። «አጽባዕት» ጣት ሆነ። «ጽላሎት» ጥላ ሆነ። «ጸልአ» ጠላ ሆነ፣ «ጸርሐ» ጠራ ሆነ፣ «ጸብሐ» ጠባ ሆነ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚለው ከተሜ ሁሉ ይህን ለውጥ ተቀብሎ ነው የሚናገረው። ጸ ወደ ጠ መሄዱ ከአማርኛ ጥንታዊ ባሕርያት አንዱ ነው እንጂ መንዝ ላይ ትናንት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ጸሎት፣ ጾም፣ ጻድቅ የመሳሰሉት ከጸ ጋር የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከግዕዙ መጽሐፍ ጋር አሥሮ ስላቆያቸው ነው። የደጋው ገበሬ ያደረገው ቢኖር ጥፍር ላይ የሠራውን ሕግ ጦም ላይም መሥራት ነው። እሱ ወጥ ነው፤ ወጥ ያልሆንነው እኛ የተማርነው ነን።

ወጥ አለመሆናችንን ማየት የሚፈልግ ሰው «ጦሙን አደረ» የሚለውን ይስማ። በሃይማኖት ሲሆን ጾም፣ በማጣት ሲሆን ጦም! አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያረጀ ሰው እንኳ ራት ሳይበላ ሲተኛ ጦሙን ያድራል። ጠበሉንም ግማሹ በጸ ግማሹ በጠ ይጽፈዋል፤ ተጠምቆ ሲድን ግን በሁለቱም ይድናል። ጠጉርን የመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ራሱ በጠ ይጽፈዋል፤ የዮሐንስ ልብስ የግመል ጠጉር ነው። ታዲያ የመንዝ በግ ጠጉር ምን አደረገ?

ወደ ጣይ ልምጣ። ጸሐፊው ከሁሉ ይበልጥ ያሳፈራቸው ይህ ቃል ነው፤ «ጣይ ወጣች» ባሉ ቀን ቢሮው በሳቅ ፈረሰ ይላሉ። የሳቀው ሰው የሚኖርባትን ከተማ አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ ዘመኑም 1879 ዓ.ም. ነው። ጣይቱ ማለት ጣይ፣ ፀሐይቱ ማለት ነው። እቴጌይቱ ደግሞ የመንዝ ሰው አይደሉም፤ የትውልድ ሐረጋቸው ወደ ጎንደርና ሰሜን ይሳባል። እንግዲህ ጣይ የአንድ ወረዳ አፍ ያበላሸው ቃል ከሆነ በእቴጌ ስም ላይ ምን ይሠራል? ፒያሳ ባለው ሆቴላቸው ደጃፍ በየቀኑ የሚያልፍ ሰው ስሙን በኩራት ይጠራል፣ ቢሮው ሲገባ ስሙን በወለደው ቃል ይስቃል።

ዠም እንደዚሁ ነው። ከተማ ውስጥ ዥብ ያስቃል፤ ግዥ ክፍል ግን አያስቅም። ገንዘብ ያዥ አያስቅም። ቴሌቪዥንና ጋራዥ አያስቁም፣ እንዲያውም ከፈረንጅ አገር ስለመጡ ያዘምናሉ። ድምፁን የማውጣት ችግር አለበት የተባለው ገበሬ ከተሜው ከፈረንጅ ጋር ተዋውሎ ያገኘውን ድምፅ ድሮም ነበረው።

ኸን በተመለከተ የምለው ጠንከር ያለ ነው። የአማርኛ ፊደል ከግዕዝ 26 ፊደላት ላይ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የሚሉ 7 ፊደላትን ጨምሯል። ጸሐፊው «የተበላሸ» ካሏቸው ድምፆች ሁለቱ፣ ኸና ዠ፣ ከእነዚህ ሰባት ውስጥ ናቸው። ፊደሉን የቀረጹት ሊቃውንት ድምፁን በየቀኑ ባይሰሙት ኖሮ ቅርጽ ለማውጣት ባልደከሙ ነበር። ከ ወደ ኸ፣ ኸም ወደ ሀ መላላቱ ደግሞ ከተሜውን ጨምሮ ሁላችንም የምንናገረውን አማርኛ የሠራ ለውጥ ነው። ግዕዙ «ኮነ» ሲል ቀደምት ጸሐፍት «ኾነ» ብለው ጻፉ፤ ዛሬ ሆነ እንላለን። «ኵሉ» ሁሉ ሆነ። «ክልኤቱ» ሁለት ሆነ። «ሁሉም ሆነ» የሚል ከተሜ በሁለት ቃል ሁለት ጊዜ ያንኑ ለውጥ ተናገረ፤ «ኸዚህ» የሚለው መንዜ የዚያው መንገድ መካከል ላይ ቆሟል። መካከሉ ላይ መቆም ነውር ከሆነ መጨረሻው ላይ መድረስማ ምን ሊባል ነው?

ሌላም ነገር ያሳፈራቸው አለ፤ አንድ አዛውንት ባልደረባቸውን አንቱ ቢሏቸው አዛውንቱ ቅር እንዳላቸው ጽፈዋል። ይህን እኔም በከተማ አይቻለሁ። በእኛ አገር አንቱ ለአባት፣ ለአማች፣ ለቄስ የሚባል ሙሉ አክብሮት ነው፤ ከተማው እርስዎ ሲል አንቱን ወደ ኋላ ገፋው። ሆኖም ጋዜጦቹ እስከ ዛሬ «አንቱ የተባሉ ምሁራን» እያሉ ይጽፋሉ። ክብሩን ለጽሑፍ አስቀርተው ከሰው ፊት ወሰዱት ማለት ነው። ባልደረባቸው ቅር ከሚላቸው ቀና ብለው ቢያመሰግኑ ይሻል ነበር።

የዚህ ሁሉ ሥር ጸሐፊው «ትክክለኛ አማርኛ» ብለው የያዙት ነገር ምን እንደ ሆነ አለመጠየቃቸው ነው። የቋንቋ ምሁራን የአማርኛን ዘዬዎች ሲመድቡ ብዙ ጊዜ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ ብለው ይቆጥራሉ። አዲስ አበባ በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ዳኛ ሆና ከላይ አልተቀመጠችም፤ ከአምስቱ አንዷ ናት። ከሌሎቹ የለያት የመንግሥት መቀመጫ፣ ማተሚያ ቤትና ሬዲዮ የእሷ መሆናቸው ነው።

የእሷ አነጋገር ደግሞ ከየት መጣ? የሸዋ ቤተ መንግሥት ከመንዝ ተነሥቶ ይፋትንና ቡልጋን እየያዘ አንኮበር ተቀመጠ፤ አንጎለላና ደብረ ብርሃንም ነገሥታቱ የከተሙባቸው ናቸው። ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ 1836 ዓ.ም.። ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወረድ አብሮ የወረደው መኳንንት፣ ወታደር፣ ካህን፣ ወጥ ቤትና ጠላ ጠማቂ አፉን አንኮበር ጥሎ አልመጣም። የአዲስ አበባ ሠፈሮች በመኳንንቱ ስም የተጠሩት ከነጭፍራቸው ስለሠፈሩባቸው ነው። በኋላ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ጎጃሜው፣ ወሎዬው ተጨምሮበት ከተማዋ የራሷን ድምፅ አወጣች፤ ይህም ያማረ ነው። ነገር ግን «የእኛ አማርኛ የከተማው ብልሽት ነው» ሲባል የአያትን ፊት አይቶ «የልጅ ልጁን አስቀየመው» እንደ ማለት ይሆናል።

ብልሽት ከተባለ ደግሞ ሒሳቡ በሁለቱም በኩል ይተሳሰብ። ገበሬው «በኋላ» ሲል ኋን አጥርቶ ያወጣዋል። «በኃላ» እና «በሃላ» እያለ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር የሚጽፈው ማን ነው? ይህን የጻፈ ባለ ዲግሪ «ዥብ» ያለውን እረኛ አፍ ሊያስተምር ሲነሣ ስሰማ ከመሳቅ ሌላ መልስ የለኝም።

ሦስተኛውን ነጥብ ባጭሩ ልለፈው፤ ረጅም መልስ አይገባውም። ጸሐፊው አነጋገራችን ከኦሮምኛና ከአርጎብኛ ጋር ስለተቀላቀለ ንጹሕ አይደለም ይላሉ። ገበያ ላይ የተገናኘ ሕዝብ ቃል ሳይለዋወጥ የሚኖርበት አገር የት አለ? ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የሐረር ሲራራ ነጋዴ የሚወርድባት ገበያ ነበረች። ደግሞ አርጎብኛ ለአማርኛ ከሁሉ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ስለሆነ ሁለቱ የሚጋሩት ቃል ሁሉ የተዋሱት ነው ማለት አይቻልም፤ ከአንድ እናት የወረሱትም ብዙ ነው። ንጽሕና የሚፈልግ ሰው ከተማውን አስቀድሞ ያጥራ፦ በሕጋችን ውስጥ የገባው ጉዲፈቻ ኦሮምኛ ነው፣ መኪናና ጎማ ጣሊያንኛ ናቸው። ሕግ ያልተጸየፈውን የመንዝ ገበሬ ለምን ይጸየፋል?

እግረ መንገዴን፣ ጸሐፊው ከጎረቤት የተወሰደ ብለው ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ ቄሮ ነው፤ የድምፁን መመሳሰል ብቻ አይተው ነው የፈረዱት። መንዝ ውስጥ ቄሮ ማለት የጓሳው ሣር የሚጠበቅበትና የሚከፈትበት የአባቶች ሥርዓት ነበር። ከቀደምቶቹ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለ ርስቶች ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት፣ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፍቱት ነበር፤ ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበር ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ሥርዓቱም ተዳከመ። ዛሬ በአገሪቱ ፖለቲካ ውስጥ ከሚሰማው ቃል ጋር በድምፅ ስለገጠመ ብቻ አንዱ የሌላው ልጅ ነው ማለት አይገባም። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ስም ስላለው ወንድማማች አይሆንም።

የቀረው አራተኛው ነው፤ በቀጥታ እኔን የሚመለከተኝም ይህ ነው። ጸሐፊው መምህራን ልጆችን «በቀይ እስክሪብቶ ከአነጋገራቸው ማላቀቅ» አለብን ብለዋል። በአንድ ነገር ግን ትክክል ናቸው፤ አልክድባቸውም። ማመልከቻ፣ ደብዳቤ፣ ፈተናና የፍርድ ቤት ወረቀት በሚታወቀው የጽሑፍ አማርኛ መጻፍ አለበት። ደብረ ብርሃን የተጻፈ ወረቀት ጅማም አሶሳም ይነበባል፤ ለሁሉም የሚገባ አንድ የጋራ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ይህን ለልጅ አለማስተማር ልጁን መበደል ነው። እኔም አስተምራለሁ፣ አርማለሁ።

የማልቀበለው መንገዱን ነው። አንድ ልጅ ድርሰቱ ላይ «ጣይ ስትወጣ ከብቶቹን አወጣን» ብሎ ጻፈ እንበል። ቃሉን በቀይ ቆርጦ «ስሕተት» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ልጁ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ እናቴ ስሕተት ትናገራለች። ከጎኑ «በጽሑፍ፦ ፀሐይ» ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ያኔ ልጁ አንዱ የቤት፣ አንዱ የወረቀት መሆኑን ይማራል። ሁለተኛው አንድ ቃል ይጨምርለታል፣ አንደኛው አንድ ቃል ይቀማዋል። በቀለሙ ላይ ክርክር የለኝም፤ ቀይም ይሁን አረንጓዴ።

ደግሞ ምን ያህል እንቸኩላለን? የጽሑፍ አማርኛው ራሱ ገና አልተስማማም። ያቺኑ ፀሐይን አንዱ ጋዜጣ ፀሐይ፣ አንዱ ጸሐይ፣ አንዱ ፀሀይ፣ አንዱ ጸሃይ ብሎ ያወጣታል፤ አንዳንዱ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ያሰልፋል። ልጁ «የኔታ፣ የቱን ልጻፍ?» ቢለኝ ለምርጫዬ ምክንያት ልሰጠው እችላለሁ፤ አገር የተስማማበት ነው ብዬ ግን አልዋሸውም። በአራት መልክ የጻፉት አዋቂዎች ሳይገሠጹ በአንድ መልክ የተናገረው ሕፃን ይገሠጽ?

ወላጆችን በተመለከተ የተጻፈው ከሁሉ አሳዝኖኛል። «ልጆቻችሁ ፊት እንደ ገጠር አታውሩ» ይላል። እናት ልጇን ስታባብል፣ አያት ሲመርቅ፣ እረኛ ከብት ሲጠራ በማያውቀው አፍ ሊናገር ነው ማለት ነው። ሞክረው ያየኋቸው አሉ። ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት በትእዛዝና በጥያቄ ብቻ ይሆናል፤ «በላህ?»፣ «አጠናህ?»፣ «ተኛ»። ቀልዱ፣ ተረቱ፣ ግሣጼው፣ ምርቃቱ በሚያውቁት አፍ ስለሆነ የሚኖረው እሱን ዘግተው ልጁን ባዶ ቤት ያስቀምጡታል። ልጆች ደግሞ ከምናስበው በላይ ብልሆች ናቸው። ክፍል ውስጥ «ጾም» ብሎ የጻፈ ልጅ ደወል ተደውሎ ሜዳ ሲወጣ «ዛሬ ጦም ነው» ሲል እሰማዋለሁ። ሁለቱን ለየብቻ የሚያኖርበት ቦታ አለው፤ የሚደናገረው አዋቂው ነው።

ጸሐፊው በመደምደሚያቸው የሚወገዱትን ቃላት ዝርዝር በሁለተኛ ክፍል እንደሚያወጡ ቃል ገብተዋል። ከማውጣታቸው በፊት የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ቢመለከቱ መልካም ነው። አለቃ ሥራቸው በካህናትና በአገር ሰብ ቋንቋ የተጻፈ መሆኑን ገና ከርእሱ ሥር ይናገራሉ፤ የካህኑንና የባላገሩን አፍ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ አላፈሩም። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ለማስወገድ ሳይሆን ለመዝገብ ያውጡት፤ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ከየትኛው ወረዳ እንደ ሰሙት፣ የዕቃ ስም ይሁን የድምፅ ልዩነት፣ ሽማግሌ ብቻ ይበለው ወይስ ልጅም ይጻፉልን። ይህን ካደረጉ በእውነት የአገራችን ብቻ የሆኑት ቃላት ጥቂት ሆነው፣ ግን ተለይተው ይወጣሉ፤ እኔም የመጀመሪያው አንባቢያቸው እሆናለሁ።

ለጅምሩ የሚሆን ነገር አለኝ። ተማሪዎቼ ከየቤታቸው እያመጡ የሚጽፉበት ደብተር አለ፤ ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከይፋት፣ ከእንሳሮ የመጡ ልጆች ናቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው «በእኛ አገር እንዲህ አይባልም» እያለ ከሥሩ ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሰርዛል። ስለ ጠላ ዕቃዎች የተጻፈው ገጽ በዚህ ምክንያት ለማንበብ አስቸግሯል፤ ጸሐፊው ደብረ ብርሃን ብቅ ካሉ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው እሱን እንዲያጣሩልን እጠይቃቸዋለሁ።